ቀስቱን ልሰርዝ መጥቻለሁ

የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ አብረን የተማርን ጓደኞቼ፣ ተማሪዎች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በጥሪው ወረቀት ላይ «ስለ ባሮክ ዘመን የሙዚቃ መሣሪያዎች አጭር ገለጻ» የሚል ተጽፏል፤ እ.ኤ.አ. ከ1600 እስከ 1750 ገደማ ስለነበረው የአውሮፓ ሙዚቃ ዘመን ማለት ነው። እኔ ግን የመጣሁት ያለአግባብ የወሰድሁትን የፈተና ነጥብ ልመልስ ነው።

ሁለተኛ ዓመት ሳለን መምህራችን በሰሌዳው ግራ ሀርፕሲኮርድ የሚባለውን ፒያኖ መሰል የጥንት ባለቁልፍ መሣሪያ፣ በቀኙ ፒያኖ ሣሉና በመካከላቸው ቀስት አሰመሩ። «ይህ አድጎ ያንን ሆነ» አሉን። ሀርፕሲኮርድ በዐይኑ ያየ ከመካከላችን አንድም አልነበረም። ከኋላ ይቀመጥ የነበረው ጓደኛችን «ፒያኖስ ሲያድግ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠይቆ ከክፍል እንደተባረረ ታስታውሳላችሁ። እኔ ጨዋው ቀስቱን ደብተሬ ላይ ገለበጥሁ፤ ፈተና ላይ ጻፍሁት፤ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። የተባረረው እሱ፣ የተሳሳትሁት እኔ!

ፒያኖን የፈጠረው በጣሊያን፣ በፍሎረንስ ከተማ ለገዥው የሜዲቺ ቤተሰብ ይሠራ የነበረው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1700 በተጻፈው የቤተሰቡ የንብረት መዝገብ ላይ አዲሱ መሣሪያ ሰፍሯል። ታዲያ ሰውየው ሀርፕሲኮርድ መሥራቱን ተወ? አልተወም። በ1726 የሠራው ፒያኖና በዚያው ዓመት የሠራው ሀርፕሲኮርድ ዛሬ በጀርመን፣ በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ይገኛሉ። ቀስቱን ከየት ወዴት ላስምረው?

ፒያኖ ክሩን በመዶሻ ይመታል። በሀርፕሲኮርድ ግን በእያንዳንዱ ቁልፍ ጫፍ ላይ ቢያንስ አንድ ቀጭን እንጨት ይቆማል፤ በእንጨቱ ላይ ከቁራ ላባ ዘንግ የተቀረጸ ጥፍር አለ። ቁልፉ ሲጫን ጥፍሩ ክሩን ቆንጥጦ ያልፋል፤ ሲለቀቅ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ይመለሳል፤ ቁራጭ ጨርቅም ድምፁን ታጠፋዋለች። ቁልፉን ብትደበድቡትም ብትዳብሱትም ድምፁ ጎላ ወይም ለዘብ አይልም ማለት ይቻላል። «ጉድለቱ ይህ ነው» ይሉናል። ተጫዋቹን ማስዋብን፣ ማዘግየትን፣ በዝምታ መናገርን ያስተማረው ግን ይኸው «ጉድለት» ነው።

በገናን «ያልተጨረሰ ጊታር» የሚል ከዚህ አዳራሽ ማን አለ? በበገናው ክሮች ሥር የሚገባውን ቁራጭ ቆዳ፣ የእንዚራውን፣ ንዝረት ሰምቶ «ይህ ይታረም» የሚል ካለ እጁን ያውጣ! የራሳችን ሲነካ እንቆጣለን፤ በሰው በገና ላይ ግን ቀስት እናሰምራለን።

ስለሌሎቹ የባሮክ መሣሪያዎችም ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሰዓቱን ቀስቱ በላብኝ። በእግሮች መካከል ተይዞ የሚጫወቱት ባለክር መሣሪያ፣ ቪዮላ ዳ ጋምባ፣ የቼሎ አባት አይደለም፤ ዘሩ ሌላ ነው፤ በአንገቱ ላይም እንደ ጊታር የጣት ቦታን የሚለይ የጅማት መከፋፈያ ይታሰርበታል። የባሮክ ዘመን ጥሩምባ ደግሞ መጫኛ ቁልፍ አልነበረውም፤ ዜማውን የሚያወጣው ከንፈርና ትንፋሽ ነው። የቀረውን ሻይ ላይ ጠይቁኝ።

ከኋላዬ የቆመውን ሀርፕሲኮርድ በውሰት ነው ያገኘነው። ሙቀት ሲለዋወጥ ቅኝቱ ቶሎ ይዛባልና ተጫዋቿን አላስጠብቃትም። ድምፁ ትንሽ ስለሆነ፣ እባካችሁ፣ በበሩ በኩል ያላችሁ ማራገቢያውን አጥፉልን።