የሞርሞን ሻለቃ ጠመንጃ ነው? በምን ይታወቃል?

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ረጅም ጠመንጃ)

«ይሄ የቅድመ አያታችን ጠመንጃ ነው። ከሞርሞን ሻለቃ ጋር ዘምቶበታል።» በአሜሪካዋ ዩታ እንዲህ የሚሉ ቤተሰቦች አሉ። የሞርሞን ሻለቃ የሚባለው የሞርሞን ሃይማኖት ተከታዮች የተሰለፉበት የአሜሪካ ጦር ክፍል ነው። እውነት ይሆን? እስቲ አብረን እንመርምረው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1846 አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ጦርነት ገጠመች። ወደ 500 የሚጠጉ ሞርሞኖች ዘመቱ። በኦገስት ፎርት ሌቨንወርዝ ከሚባለው የጦር ሰፈር ደርሰው ታጠቁ። ለአብዛኞቹ የደረሳቸው በ1816ቱ ሞዴል የተሠራ፣ ከአፈሙዙ የሚጎርስ፣ በባልጩት የሚተኩስ ሙስኬት ነበር። እሱን ተሸክመው በእግራቸው እስከ ካሊፎርኒያ ሄዱ። በጁላይ 1847 ሎስ አንጀለስ ላይ ሲሰናበቱ መሣሪያውን ይዘው እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ዛሬም የምንፈልገው ነገር የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በፊት በኢሊኖይ ግዛት፣ በናቩ ከተማ የነበረው የሞርሞኖች ሚሊሻ፣ የናቩ ሌጅን፣ ግን ሌላ ነው። የኢሊኖይ መንግሥት ያስታጠቀውን መሣሪያ ገዥው ቶማስ ፎርድ በጁን 1844 አስመልሷል። ስለዚህ «መንግሥት ለናቩ የሰጠው ጠመንጃ ነው» ሲሉኝ ቶሎ አላምንም።

(ምስል፦ የመተኮሻው የጎን ብረት በቅርበት)

እዚህ ጋ ጠጋ በሉ። ንስር አለ፤ ከኋላ በኩል ደግሞ «ስፕሪንግፊልድ» ወይም «ሃርፐርስ ፌሪ» የሚል ጽሑፍና ዓመት። ዓመቱ ከ1846 በኋላ ከሆነ ያ ብረት ፎርት ሌቨንወርዝ ላይ ሊታደል አይችልም። አለቀ። 1838 ቢል ግን ምን ያረጋግጣል? ምንም! ይቻላል ከማለት አያልፍም። በዚያ ዘመን ሙስኬቶቹ መለያ ቁጥር አልነበራቸውም። ጠመንጃው ራሱ የባለቤቱን ስም አይነግረንም።

ባልጩቱ ወጥቶ በመዳብ ቆብ እንዲተኩስ የተቀየረም ካያችሁ አትጣሉት። ብዙዎቹ በኋላ እንዲህ ተለውጠዋል።

ስሙን የሚነግረን ወረቀት ነው። የሻለቃው የስም ዝርዝር በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አለ። እዚያ ስሙ ከተገኘ በኋላ ማስታወሻ ደብተሩ፣ ኑዛዜው፣ የውርስ መዝገቡ ይታያል። ማን ለማን አስረከበ? መሀል ላይ አንድ ትውልድ ከተዘለለ እኔ «የሻለቃው ነው» አልልም።

ጠመንጃው በእጃችሁ ከሆነ ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈትጉት፤ ጽሑፉና ዓመቱ አብሮ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ እነዚህ አሮጌ ጠመንጃዎች እንደጎረሱ የሚገኙበት ጊዜ አለ። ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ለባለሙያ አሳዩት።