ምሳው ከፊርማው በኋላ ነው

ክቡራን እንግዶች፣ ታላላቆቻችን፣ ውድ የሙዚቀኞች ማህበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ለዚህ ዓመታዊ ጉባኤ እንኳን አደረሰን። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ወንበርና ድስት ላዋሰን የሰፈሩ እድር፣ ከሌሊት ጀምረው እሳት ላይ ለቆሙት እናቶቻችን ምስጋናችን ከልብ ነው። ድምፅ ማጉያው እየጮኸ ጆሯችሁን ስላስቸገረ ይቅርታ። የተዋስነው ነው። የራሳችን የት ሄደ ለምትሉ፣ እደርስበታለሁ። ዛሬ ብዙ የማወራውም ስለሱ ነው።

መጀመሪያ ደጉን ልናገር። መለማመጃ ክፍላችን ኪራይ ቢጨመርበትም አልተዘጋም። ሁለት ልጆች ማሲንቆ ተምረው ባህል ምሽት ቤት መሥራት ጀምረዋል። ታሞ የነበረ አባላችን ባዋጣነው ታክሞ ዛሬ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦልናል። በመስቀል ሰሞን ሜዳ ላይ ዝግጅት አቅርበናል። ዝናቡ በመሀል ባይበትነን ኖሮ የበለጠ ያምር ነበር። የቀረው በታደላችሁ ወረቀት ላይ አለ።

ወረቀቱ ላይ የማይገኝ አንድ ነገር ግን አለ። ከወለቴ፣ ከፉሪ፣ ከአለም ባንክ፣ ከሰበታ የመጣን ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስንለማመድ የሚወጣው ድምፅ። እዚህ አካባቢ ሰርግ የሠራ ያውቀዋል። የሙሽራው ወገን ረገዳ ይላል። የሙሽሪት ወገን ጉራጊኛ ይጠብቃል። ሽማግሌዎቹ ትዝታ ያዛሉ። ሦስቱንም በአንድ ምሽት የማይችል ኪቦርድ ተጫዋች በዚህ ሰፈር እንጀራ የለውም። ጥላሁን ገሠሠ በልጅነቱ ከወሊሶ ጠፍቶ ሲመጣ ያለፈው እኮ በዚሁ በጅማ መንገድ ነው። እኛ መንገዱ ዳር ቤት የሠራን ሰዎች ነን። ግማሻችን አዲስ አበባ፣ ግማሻችን ሸገር ከተማ ስለሆንን አዳራሽ ስንጠይቅ ወዲህ ያለው ቢሮ ወዲያ፣ ወዲያ ያለው ወዲህ ይመራናል እንጂ በሙዚቃውስ አንታማም።

አሁን ወደ ድምፅ ማጉያችን፣ ወደ አምፑ።

ታስታውሳላችሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በወር መቶ መቶ ብር አዋጥተን ነው ሳውንድ ሲስተም የገዛነው። ሚክሰር፣ አምፕ፣ አራት ስፒከር፣ ኬብሎቹ። ለአባል በቅናሽ፣ ለውጭ ሰው በሙሉ ዋጋ እናከራያለን ብለን ነበር። የክፍሉን ኪራይ የሚችለው እሱ ነበር። ከመዋጮው እንዳይመስላችሁ። መዋጮውማ፣ ተዉት።

ጥር ደግሞ የኛ መኸር ነው። በጥር ያልሰበሰበ ሙዚቀኛ ሁዳዴን በምን ያልፋል? 55 ቀን ሰርግ የለም። ባህል ቤቱም ጭር ይላል። ሰሞኑን ደግሞ ረመዳን ከሁዳዴ ጋር እየገጠመ በሁለቱም ወገን ሥራ ይቆማል። እስከ ዳግም ትንሣኤ ድረስ ስንቱ ክራሩን ያስይዛል፣ ስንቱ ስልኩን ይሸጣል። የምናውቀው ነው።

በጥር አጋማሽ አንድ ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ስከፍት ሽታ ተቀበለኝ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ። አምፑ ቦታው ላይ ነው። እንዲያውም ተወልውሏል። እኛ ቤት እቃ ተወልውሎ ስለማያውቅ መጀመሪያ የደነገጥኩት በሱ ነው። ጠጋኙ መጥቶ ክዳኑን ፈታው። ከማቀዝቀዣው ቬንትሌተር ላይ ሦስት የሚያብረቀርቁ ቁርጥራጭ ወረቀቶች ወደቁ። ሙሽሮች ድንኳን ሲገቡ ሽቅብ የሚረጨው ዓይነት። አንዱ ሮዝ፣ ሁለቱ ወርቃማ።

ሰርግ ደርሶ መጥቷል ማለት ነው። ከማን ጋር እንደሄደ ግን አምፕ አይናገርም።

ጠጋኙ እንዳስረዳን፣ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር በአንድ መስመር ጎን ለጎን ሲቀጠል ጭነቱ 4 ኦም ይሆናል። አራት ሲቀጠል 2 ኦም ይወርዳል፤ ኦሙ ባነሰ ቁጥር አምፑ ይበልጥ ይጨነቃል። የኛ አምፕ ከ4 በታች አይችልም። አንዱ ጎበዝ ግን ድንኳኑ ይነቃነቅ ብሎ አራቱንም ባንድ በኩል ሰካቸው። አንድ ሰው ደውሎ ቢጠይቀኝ በሁለት ደቂቃ የምነግረው ነገር ነበር።

ከዚያ የእቃ መውጫ ደብተሩን አነሳሁ። ታኅሣሥ ላይ ፊርማ አለ። ኅዳር ላይ ፊርማ አለ። ጥር ነጭ ነው። ሙሉ ገጽ፣ ምንም የለበትም። በደብተሩ መሠረት በጥር ወር ከዚህ ክፍል አንድ ጃክ እንኳ አልወጣም። ጥር እኮ ነው ጎበዝ!

ከዚያ በኋላ ያለፍንበትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሦስት ስብሰባ። ሁለት ቡድን። ቁልፍ ያለን አራት ሰዎች ነን፤ እኔም ተጠርጥሬያለሁ። መጠርጠሬ አልከፋኝም። የከፋኝ የቴሌግራም ግሩፓችን ነው። ማን አቃጠለው ለሚለው ሌሊቱን ሙሉ ስትጻጻፉ አደራችሁ። በማግስቱ ለማስጠገኛ እናዋጣ ብዬ ስጽፍ ግን የመጣልኝ አውራ ጣት ብቻ ነው። አውራ ጣት ባንክ አይቀበልም።

ይህን ሁሉ የማወራው ለአምፑ ብቻ አይደለም። አምፕ ይገዛል። በዚያው ሰሞን የሆነውን ሌላ ነገር አብዛኞቻችሁ አልሰማችሁም። ልጁ ስላፈረ ዝም ብለን ነበር። አሁን ንገር ስላለኝ እናገራለሁ።

አንድ ክራር የሚጫወት ልጃችን በዚሁ ክፍል አንድ ዜማ ሠራ። በአምባሰል የተቃኘ፣ ሲሰሙት የሚያባባ ዜማ። ስንቶቻችን አጅበነዋል። ሰርግ ላይም ተጫውቶታል። አንድ ቀን ከአየር ጤና ታክሲ ተሳፍሮ ሲመጣ ሹፌሩ ከፈተው። የሌላ ሰው ድምፅ፣ የሌላ ሰው ግጥም፣ የሱ ዜማ። ልጁ ወለቴ መውረድ ሲገባው ዘፈኑ እስኪያልቅ ብሎ ሰበታ ደረሰ።

ወደ እኔ መጣ። በእጅህ ምን አለህ አልኩት። «ሁሉም ሰው ያውቃል እኮ ጋሼ» አለኝ። አብረን ዘፈኑን ያወጡት ሰዎች ጋ ሄድን። ሻይ ጋበዙን፣ አከበሩን። ከዚያ «የህዝብ ዜማ ነው» አሉን። የናንተ ከሆነ መቼ እንደተሠራ አሳዩን አሉ። ልጁ ዜማውን በስልኩ ቀድቶት ነበር። ስልኩን ግን በሁዳዴ ሸጦታል።

የቅጂ መብት አዋጃችን፣ ቁጥር 410/1996፣ ለባለሥራ ጠንካራ ሕግ ነው። ሆን ብሎ የደፈረውን ሰው በእስራት ያስቀጣል። መብትህ እድሜህን ሙሉ፣ ከሞትክም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፤ ልጆችህ ይበሉበታል። ጥበቃ ለማግኘት መመዝገብ እንኳ ግዴታ አይደለም። ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ሥራው ወጥ ይሁን፣ ግዙፍነትም ያግኝ ይላል። በኛ ቋንቋ፣ ከራስህ የወጣ ይሁን፣ ደግሞም ተጽፎ ወይ ተቀርጾ ይገኝ። በአፍ ብቻ የቀረ ዜማ ለሕጉ ገና አልተወለደም። በ2007 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ደግሞ ሮያሊቲ፣ ማለትም ሰው ሥራህን ሲጠቀም የሚከፈልህ ገንዘብ፣ በጋራ ተሰብስቦ እንዲከፋፈል በር ከፍቷል። ሆቴሉም፣ ካፌውም፣ ሬዲዮውም ከፈለ እንበል። ክፍፍሉ ላይ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ድርሻ ለማን ይሰጣል?

ስለዚህ ሌላ ደብተር ገዛሁ። በራሴ ገንዘብ። ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን፣ ማን ምን ተጫወተ፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። ቅጂው በስልክ ተቀድቶ ለሁለት ሰው ይላካል። አለቀ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እስከ ዛሬ አራት ዘፈን ተጽፎበታል። ሁለቱ የኔ ናቸው።

ምክንያታችሁን ሰምቻለሁ። «እርስ በርስ አንተማመንም ወይ?» ትላላችሁ። ማስፈረም ንቀት ይመስለናል። እሺ፣ ዕቁብ የማይጥል ማን አለ እዚህ? ዕቁብ ሲወጣልህ ዋስ ጥራ ትባላለህ፤ ሳትቀየም ጎረቤትህን ትጠራለህ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ለጥቂት ሺህ ብር ዋስ የምንጠራ ሰዎች፣ ለልጅ ልጅ ለሚተርፍ ዜማ ሲሆን «በመተማመን» እንላለን።

አምሃ እሸቴን አስታውሱ። የሙዚቃ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ደፍሮ በራሱ ማሳተም ጀመረ። መጀመሪያ ያወጣው ዓለማየሁ እሸቴን ነው። ያን ጊዜ የታተመው ዛሬም አለ። በዚያው ምሽት በየክለቡ ተዘፍኖ ያልተቀዳው ግን ከሰሚዎቹ ጋር አለፈ። እኛ ደግሞ ዛሬ ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ መቅጃ ይዘን ነው የምንረሳው። ይሄ ያናድደኛል። ደማችሁ ውስጥ ያለውን ችሎታ ስለማውቅ ነው የሚያናድደኝ።

አሁን ላልመጡት አንድ ሁለት ነገር ልበል። መስማታቸው አይቀርም፤ ሦስት ስልክ እየቀረጸኝ ነው።

አንተ ወንድሜ፣ ትላንት ስደውልልህ «ሳውንድ ቼክ ላይ ነኝ» ብለህ የዘጋህብኝ። ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ፖስተርህን ሜክሲኮ አይቼ ቆሜ ፎቶ አንስቼዋለሁ። ለባለቤቴም አሳይቻታለሁ። ግን የመለማመጃው ክፍል በር ላይ በቁልፍ የጫርከው ስምህ ዛሬም አለ። ቀለም ሲቀባ አታጥፉት ያልኩት እኔ ነኝ። ገንዘብ አልጠየቅንህም። አንድ ቅዳሜ መጥተህ ለነዚህ ልጆች ውል ሲፈረም ምን እንደሚታይ ንገራቸው። አንተ እኮ የመጀመሪያውን ውል ሳታነብ ፈርመህ ስንት እንዳለቀስክ የማውቀው እኔ ነኝ።

እህቶቼ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች፣ ቁጥራችሁ ዛሬ አንሷል። ልምምድ ማምሻውን ስለሚያልቅ ታክሲ እንደሚያስቸግራችሁ ነግራችሁን ነበር። እኛ ነን ያልሰማነው። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ በ7 ሰዓት ጀምረን በ10 እንጨርሳለን። ቀድመን ማድረግ ነበረብን።

አምፑን የወሰድከው ሰው ደግሞ፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለህ ይመስለኛል። አላጋልጥህም፤ ማን እንደሆንክም አላውቅም። ሰርጉ ያማረ እንደነበር ግን ከወረቀቱ ገብቶኛል። መሳሳት ያለ ነው፤ እኔም በወጣትነቴ የሰው ኦርጋን ላይ ጠላ ደፍቻለሁ። ጠጋኙ ግማሹን ክፈሉና እሠራዋለሁ ብሏል። ግማሹ የሁላችን ነው ብለን ኮሚቴው ወስኗል። ግማሹ ያንተ ነው።

ሁለቱ ደብተሮች ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሰማያዊው የእቃ ነው፣ ቀዩ የዘፈን። እስክሪብቶዎቹን አምና ስለጠፉ በገመድ አስሬያቸዋለሁ። ዘፈን ያለው ሁሉ አንድ ይጻፍ፣ የሌለው ይመስክር። ምሳው ከፊርማው በኋላ ነው። እናቶችን ለምኜ ተስማምተዋል፤ ጭልፋውን የሚያነሱት እኔ ስነግራቸው ነው።

በሰማያዊው ደብተር ላይ የጥርን ገጽ አልቀደድኩትም። እንደነጣ ነው፣ ቦታ አለው። ጉባኤው ተከፍቷል።