ቀዩ መስመር ጠፋ ማለት ተስተካከለ ማለት አይደለም

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። በጃቫ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አንድ ቀን ስለሚገጥመው ስህተት ላውራችሁ፤ ክላስ ካስት ኤክሴፕሽን፣ አንድን ነገር ያልሆነውን ዓይነት ነው ስንለው ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ የሚወጣው ስህተት።

ከጀማሪዎች ጋር ቁጭ ብዬ ኮድ ሳይ የሚደጋገም ነገር አለ። ኮዱን ፈትሾ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ ታይፑ (የዳታው ዓይነት) አይገጥምም ብሎ በቀይ ያሰምርባቸዋል። እነሱም ቅንፍ ከፍተው የሚፈልጉትን ታይፕ ይጽፉበታል፤ ካስት ማለት ይህ ነው። ቀዩ ይጠፋል፣ ወደሚቀጥለው መስመር ይሄዳሉ። ግን ምን ተለወጠ? ማሽላ የሞላ ጆንያ ላይ «ጤፍ» ብላችሁ ብትጽፉ ውስጡ ያው ማሽላ ነው። ኮምፓይለሩ ቃላችሁን አምኖ ያሳልፋችኋል። ጉዱ የሚወጣው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው፣ ብዙ ጊዜም ደንበኛ እጅ ላይ።

በነገራችን ላይ ይህን የምለው ስለ ኦብጀክት፣ ከክላስ ስለሚሠራ ነገር ነው። ተራ ቁጥሮች ላይ ካስት ዋጋውን ራሱን ይለውጣል። 3.9ን ወደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ስትወስዱት 3 ይሆናል። 130ን ትንሽ ቁጥር ብቻ ወደሚይዘው ባይት ስትወስዱት ደግሞ -126 ይወጣል፤ ኤክሴፕሽን የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

ወደ ዋናው ልመለስ። በቅርቡ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ያሳየኝ ኮድ ከአእምሮዬ አልወጣም። ደንበኞችን በስልክ ቁጥር የሚመዘግብ ሲስተም ነው። የሚመጣውን ጄሰን (በጽሑፍ የሚላክ ዳታ) ጃክሰን በሚባለው የጃቫ ላይብረሪ አንብቦ ማፕ ውስጥ፣ ማለትም ስምና ዋጋ ጥንድ አድርጎ በሚይዝ ሰንጠረዥ ውስጥ ያስገባል፤ ዋጋዎቹ ሁሉ ኦብጀክት ናቸው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ከኢንት የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ወደሚይዘው ሎንግ ካስት ያደርጋል። ሲሞክረው በ251 የሚጀምር ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ያስገባል፣ ይሠራል። ደንበኛው ግን በ9 የሚጀምረውን ባለ 9 አሃዝ ሲያስገባ ሲስተሙ ቀጥ ይላል።

ለምን? ጃክሰን እንዲህ ባለው ጊዜ ታይፑን የሚመርጠው የቁጥሩን መጠን አይቶ ነው። ኢንት እስከ 2,147,483,647 ድረስ ይይዛል። 9 አሃዝ እዚያ ውስጥ ስለሚገባ ኢንቲጀር ይሆናል፤ 12 አሃዝ ስለማይገባ ሎንግ ይሆናል። ትንሹ ኢንት ወደ ሎንግ በራሱ ያልፍ የለም እንዴ ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ያልፋል። በትልቁ ፊደል የሚጀምሩት ኢንቲጀርና ሎንግ ግን ክላሶች ናቸው። ሁለቱም ነምበር የሚባለው ክላስ ልጆች ናቸው እንጂ አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም፤ ስለዚህ ካስቱ ይወድቃል።

ልጁ መጀመሪያ ያሰበው ስህተቱን ይዞ ፕሮግራሙ እንዲቀጥል በሚያደርገው በትራይ ካች መሸፈን ነበር። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። መልእክቱን አንብቡት፤ ሁለት ስሞች አሉበት። የመጀመሪያው ኦብጀክቱ በእውነት ምን እንደሆነ ነው፤ ሁለተኛው እናንተ ምን ነው እንዳላችሁት። የመጀመሪያውን ስም ያዙና ይህ ነገር በየት በር ገባ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ኤክሴፕሽኑ የጠቆመው መስመር ነገሩ የተጋለጠበት ነው፤ የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው።

መጀመሪያ ወደ ነምበር ካስት አድርጎ ቁጥሩን በሎንግ የሚመልሰውን «ሎንግ ቫልዩ» የተባለ ትእዛዝ መጥራት ይቻላል፣ ይሠራልም። እኔ ግን አልወደድኩትም። ስልክ ቁጥር ማን ይደምራል? ስትሪንግ (ጽሑፍ) ነው መሆን ያለበት፤ 09 ብሎ ለሚጽፍ ሰውም ዜሮው አይጠፋበትም። ስለዚህ ማፑን ትተን፣ ስልኩን በስትሪንግ የያዘ ትንሽ ክላስ ጽፈን ለጃክሰን ሰጠነው። ካስት የሚባል ነገር ከፋይሉ ወጣ።

የሚመጣውን በእርግጥ የማታውቁበት ቦታ ካለ ኦብጀክቱ የየትኛው ክላስ እንደሆነ የሚፈትሽ ኢንስታንስ ኦፍ አለላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከወጣው ጃቫ 16 ወዲህ ፍተሻውና ካስቱ በአንድ መስመር ያልቃሉ።

በሚቀጥለው ክፍል እዚሁ ሰፈር እንቆያለን። በቀጥታ ዋጋ የተሰጣቸው ሁለት ኢንቲጀሮች በድርብ እኩል ምልክት ሲወዳደሩ 127 ላይ «እኩል ናቸው» ተብለው 128 ላይ ለምን «አይደሉም» እንደሚባሉ አሳያችኋለሁ። እስከዚያ ደህና ሰንብቱ።