ጣርማ በርን የምትወጣው አይሱዙ እና የአክስቴ የቫይታሚን ጠርሙስ

(ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞ ካሜራ ፊት ይቀመጣል)

ሰላም ሰላም! እንደምን ሰነበታችሁ? ከደብረ ብርሃን ነኝ። ጋቢ የለበስኩት ለማማር አይደለም፣ በርዶኝ ነው። እዚህ የኖረ ያውቀዋል።

ይሄን ጠርሙስ አያችሁት? (ያንቀጫቅጨዋል) የአክስቴ ነው። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸው ቫይታሚን። ቤታቸው ውስጥ የሚቀመጠው ቡፌው ላይ፣ ዳንቴሉ መሃል፣ ከሠርግ ፎቶው ጎን ነው። ክብሩ ከቴሌቪዥኑ አያንስም። ለዛሬ በስንት ልመና ነው ያዋሱኝ። «ቆጥሬዋለሁ» ብለውኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ጠርተውኝ ሄድኩ። አቦል ተቀዳ። አክስቴ ተነሡና ጠርሙሱን አወረዱ። ከዚያ ልክ ቆሎ እንደሚታደል ለጎረቤቱ ሁሉ አንድ አንድ ፍሬ ማደል ጀመሩ። «እንቺ፣ ለወገብሽ።» «እንካ አንተም፣ ፊትህ ገርጥቷል።» አንዲት ጎረቤት ሁለት ወሰዱ፣ አንዱ ለባላቸው ነው። ለእኔም ደረሰኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ለእርጅና ነዋ!»

«እርጅናን ምን ያደርገዋል?»

«ያባርረዋላ!»

እሺ። የዛሬው ቪዲዮ ይሄው ነው። ቫይታሚን እርጅናን ያባርራል ወይ? አያባርርም። በቃ፣ ቻው! ... ቀልዴን ነው፣ አትሂዱ። አያባርርም፣ ግን አንዳንዱ ለሽማግሌና ለአሮጊት በእውነት ያስፈልጋል። አንዳንዱ ገንዘብ መጣል ነው። አንዳንዱ ደግሞ ይጎዳል። የትኛው የቱ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ አንድ አይሱዙ ላሳያችሁ። ሳብስክራይብ ያላደረጋችሁ አይሱዙዋ እስክትመጣ አድርጉ።

አጎቴ ሹፌር ነበሩ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭነው ደብረ ብርሃን ያራግፋሉ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱ ሸሚዝ ያስወልቃል። ከዚያ ዳገት፣ ዳገት፣ ዳገት። ጣርማ በር ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ጉሙ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል። ልጅ ሆኜ አጎቴ ጎን ተቀምጬ ዋሻው ውስጥ ስንገባ ዓይኔን እጨፍን ነበር። አሁንም እጨፍናለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሩ።

አጎቴ ዳገቱን ከመጀመራቸው በፊት ደብረ ሲና ላይ ይቆማሉ። ሻይ ይጠጣሉ፣ ቆሎ ይገዛሉ። ከዚያ የሞተሩን ክዳን ከፍተው የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ይመዛሉ። በጨርቅ ይጠርጓታል። መልሰው ይከቷታል። እንደገና ይመዟታል። ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያያሉ። ዘይቱ ከጎደለ ይጨምራሉ፣ ካልጎደለ ክዳኑን ይዘጋሉ። ሁልጊዜ! አንድም ቀን ሳያዩ ሲጨምሩ አላየሁም።

አንድ ቀን አዲስ ረዳት ቀጠሩ። ልጁ ቅን ነው፣ ግን ችኩል። አጎቴ ሻይ ሲጠጡ «ዛሬ ጭነት በዝቷል፣ ጉልበት ትፈልጋለች» ብሎ አንድ ሙሉ ጣሳ ዘይት ገለበጠባት። ምን ሆነች? ከደብረ ሲና እንደወጣን ሰማያዊ ጭስ ታንቦለቡል ጀመር። በየስፌቷ ዘይት ትተፋለች። አጎቴ ወርደው አዩና ልጁን ጠሩት። «ዘይት ጉልበት ነው ያለህ ማን ነው? ጉልበቱ ናፍጣው ነው!»

(ጣቱን ወደ ካሜራ ይቀስራል) ይቺን ያዙልኝ። ጉልበቱ ናፍጣው ነው!

ናፍጣው ምግባችሁ ነው። እንጀራው፣ ሽሮው፣ በሶው። ቫይታሚን ዘይቱ ነው። ቫይታሚን በራሱ ካሎሪ የለውም፣ ጉልበት አይሆንም። ሞተሩ ናፍጣውን በደንብ እንዲያቃጥል ነው የሚያግዘው። ያለ ዘይት ሞተሩ ይነክሳል፣ ያ እውነት ነው። ከልክ በላይ ካፈሰሳችሁበት ደግሞ ጣርማ በርን ቶሎ አትወጣም፣ ትጨሳለች።

አንድ ነገር ልጨምር። አጎቴ «አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል» ይሉ ነበር። መኪናዋ አዲስ ሳለች በወር አንዴ ያይዋታል። ስታረጅ በየጉዞው ነው። እኛም እንደዚያው ነን። ዕድሜ ሲገፋ አንዳንድ ቫይታሚን ከምግብ መምጠጥ ይከብዳል። ስለዚህ አሮጌ መኪና የበለጠ ዘይት ይፈልጋል ማለት ስህተት አይደለም። ስህተቱ ዘንጓን ሳያዩ መገልበጡ ነው። የእኛ ዘንግ የደም ምርመራ ነው።

ስለዚች አይሱዙ እስከ ማታ ላወራ እችላለሁ። ይብቃኝ።

መሠረታዊውን በፍጥነት ልለፈው፣ ትምህርት ቤት ተምራችኋል። «ቫይታሚን» የሚለውን ስም በ1912 ያወጣው ካሲሚር ፈንክ የሚባል ፖላንድ ተወላጅ ሳይንቲስት ነው። ዛሬ 13 ናቸው። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በስብ ይሟሟሉ፣ ሰውነት ያጠራቅማቸዋል፣ ስለዚህ ሊበዙ ይችላሉ። ሲ እና የቢ ቤተሰቦች በውሃ ይሟሟሉ፣ ትርፉ በአብዛኛው በሽንት ይወጣል። ከቢዎቹ አንዱ ያፈነግጣል፣ ቢ12። እሱን ጉበት ለዓመታት ያከማቸዋል። ገባችሁ? ገብቷችኋል። እንቀጥል።

ለአረጋውያን ዋናው ቢ12 ነው። በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም ብቻ ነው፣ ቢያስቀምጡት ዓይን በጭንቅ ነው የሚያየው። የሚገኘው ከእንስሳት ነው፣ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል። ምግቡ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይመጣል፣ የሚያላቅቀው የጨጓራ አሲድ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የብዙ ሰው አሲድ ይቀንሳል። ሥጋው ተበላ፣ ቢ12ው ግን ሳይላቀቅ አለፈ። ኪኒን ውስጥ ያለው ደግሞ ቀድሞ የተላቀቀ ነው፣ አሲድ አይጠብቅም። ለዚህ ነው ከ50 ዓመት በላይ ላሉ ሰዎች የሚመከረው።

ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስዱ፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የማይለያቸው፣ እነሱም ቢ12 ሊያንሳቸው ይችላል። ምልክቱስ? እግር ይደነዝዛል። ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል። ድካም ይመጣል፣ መርሳት ይመጣል። እኛ «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ሊታከም የሚችል ነገር «እርጅና ነው» ተብሎ ይቀመጣል፣ ነርቭ ደግሞ ብዙ ከቆየ በኋላ ላይመለስ ይችላል።

«ጾሙስ?» ትሉኛላችሁ። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ፍልሰታ አለ። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስላለው አንድ ጾም አያራቁተውም። ችግሩ ጾሙ ሲፈታም ሥጋ የማይበሉት ናቸው። አንዳንዱ ጥርስ የለውም፣ አንዳንዱ ብር የለውም። እንደነዚህ ላሉት ምርመራው ይጠቅማል። ይጹሙ አይጹሙ የሚለውን ለንስሐ አባታቸው ትቻለሁ፣ እኔ ዩቲዩበር ነኝ።

አሁን ወደ እናንተ አስተያየት። ባለፈው ቪዲዮ ሥር ይሄ ነገር ሞልቶ ነበር። «ወንድሜ፣ ኪኒን ምን ያደርጋል፣ የነርቭ መርፌ ነው ሰው የሚያስነሳ!» ሌላው ደግሞ «እናቴ በመርፌ ነው የተነሳችው።» ሌላው «ኪኒን ለልጅ ነው።» የነርቭ መርፌ የሚሉት ቢ12 ያለበትን መርፌ ነው። ኧረ ጎበዝ! ለዚህ ሌላ ቪዲዮ ልሠራ ነበር፣ ግን አላስቻለኝም።

እኛ አገር መርፌ ክብር አለው። የወጋን ሐኪም አከመን፣ ያልወጋን አላከመንም። አያቴ ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ወጉዎት?» ነበር። «አይ፣ ኪኒን ሰጡኝ» ካሉ ቤቱ ሁሉ ያዝናል።

እውነቱ ግን እንዲህ ነው። ቢ12 አንጀት ውስጥ የሚገባበት ዋናው በር ዘበኛ አለው። ዘበኛው ከጨጓራ የሚመነጭ ፕሮቲን ነው። በአንዳንድ ሰዎች ዘበኛው የለም፣ በሩ ተዘግቷል። «እንግዲህ መርፌ ብቻ ነው» ይባል ነበር። ነገር ግን ከምትውጡት መጠን 1 በመቶ ያህሉ ያለ ዘበኛም በአጥሩ ሾልኮ ይገባል። አሁን ሒሳብ እንሥራ። 1,000 ማይክሮግራም ኪኒን ዋጣችሁ። 1 በመቶው 10 ማይክሮግራም ነው። የሚያስፈልጋችሁ ስንት ነበር? 2.4! ተረፈ እንጂ አላነሰም። ስለዚህ ለብዙ ሰው ከፍ ያለ መጠን ያለው ኪኒን የመርፌውን ሥራ ይሠራል።

መርፌ አያስፈልግም አላልኩም። እንዳትቆርጡብኝ! እጥረቱ ከባድ ከሆነ፣ ነርቭ ከተነካ፣ ሐኪም በመርፌ ይጀምራል፣ ልክም ነው። የምለው፣ ቢ12 ላላነሰው ሰው መርፌው ምንም አያስነሳም። «ከተወጋሁ በኋላ ቀለል አለኝ» ያሉኝ አሉ። ቀለል ያላቸው ነገር አለ፣ ብራቸው።

ሌላ አንድ ነገር፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ፎሊክ አሲድ (እሱም ከቢ ቤተሰቦች አንዱ ነው) ብቻውን እየወሰዱ ቢ12 ያነሳቸው ሰዎች፣ ደም ማነሳቸው ይሻሻልና ነርቭ መጎዳቱ ግን ውስጥ ውስጡን ይቀጥላል። የማስጠንቀቂያ መብራቷ ጠፍቶ ሞተሩ የሚነድ አይሱዙ አስቡ። (ይስቃል) ተመለስኩባት፣ አይደል?

ቫይታሚን ዲ። ይሄን ቆዳችን ከፀሐይ ይሠራዋል። የ70 ዓመት ሰው ቆዳ ግን ከወጣቱ በጣም ያነሰ ነው የሚሠራው። እኛ ደጋ ነን፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ግን ማን ያገኘዋል? አክስቴን እዩአቸው። ነጠላ፣ ከላዩ ጋቢ፣ ከሥር ሹራብ፣ እግር ላይ ካልሲ። የሚታየው አፍንጫ ብቻ ነው። አፍንጫ ስንት ቫይታሚን ይሠራል?

«የጠዋት ፀሐይ እሞቃለሁ» የሚሉም አሉ። ደስ ይላል፣ ሙቀቱ ለመገጣጠሚያም ለጨዋታም ጥሩ ነው። ቫይታሚን ዲ ግን ብዙም የለበትም። መለኪያው ጥላችሁ ነው። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ከረዘመ ቆዳችሁ ሥራ አልጀመረም። በመስታወት ውስጥ ሆኖ መሞቅም አይሠራም፣ አስፈላጊውን ጨረር መስታወት ይይዘዋል።

ከ70 ዓመት በላይ የሚመከረው በቀን 800 ዩኒት ነው፣ ዩኒት የቫይታሚን መለኪያ ነው። 800! «አንዴ ብዙ ልውሰድና ልገላገል» የሚል ካለ ይሄን ይስማ። አውስትራሊያ ውስጥ ከ70 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2010 ወጣ። ባዶ ኪኒን ከወሰዱት ይልቅ እነሱ በብዛት ወደቁ፣ አጥንታቸውም በብዛት ተሰበረ። ረዳቱ ልጅ ጣሳውን ገለበጠ ማለት ነው።

ሌሎቹን በሩጫ። ቫይታሚን ኢ፣ በ400 ዩኒት፣ ከ35,000 በላይ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት የፕሮስቴት ካንሰርን በ17 በመቶ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ቤታ ካሮቲን፣ ካሮት ውስጥ ያለው ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ነገር፣ በኪኒን ሲሰጥ ፊንላንድ ውስጥ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰርን ጨመረ። ካሮት ግን ብሉ፣ ካሮት ኪኒን አይደለም። አይረን፣ የብረት ኪኒኑ፣ ያለ ምርመራ አትንኩት። ሰውነት ትርፉን የሚያስወጣበት በር የለውም። አንድ አረጋዊ አይረን ካነሳቸው ደግሞ ከሆድ ዕቃ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱ ይፈለጋል። የታዘዘም ከሆነ ከቡና ጋር አይዋጥም፣ ቡና ይይዘዋል። ካልሲየም፣ መጀመሪያ ከምግብ። ጤፍ ውስጥ አለ፣ ወተት ውስጥ አለ፣ ጎመን ውስጥ አለ። የታይሮይድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ካልሲየሙን በ4 ሰዓት ያራርቀው። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ኬ ያለበትን ነገር ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

ጎማውን ረሳሁት! ጎማው ያለቀ አይሱዙ ዘይቱ ሙሉ ቢሆንም ጣርማ በርን አይወጣም። ጎማው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ከፕሮቲንና ከእንቅስቃሴ ነው የሚመጣው። ባቄላ፣ ሽሮ፣ እንቁላል ከተገኘ። ወንበር ላይ ሳይደገፉ መነሣትና መቀመጥ፣ ጠዋት አሥር ጊዜ። ለዚህ የሚሸጥ ጠርሙስ የለም፣ ለዚህም ነው ማስታወቂያ የማይሠራለት።

ወደ አክስቴ ልመለስ። እግራቸው ሌሊት ሌሊት ይደነዝዛል። የስኳር ኪኒን ከወሰዱ ዓመታት ተቆጥረዋል። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ በመጨረሻ ባጃጅ ጠርቼ ወሰድኳቸው። ደማቸው ታየ። ቢ12 አንሷቸዋል። ሐኪሙ ኪኒን አዘዘላቸው። መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። «አይወጋኝም?» አሉ።

አሁን ኪኒናቸውን በየጠዋቱ ይውጣሉ። ይሄኛው ግን (ጠርሙሱን ያነሣል) አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይታደላል። «እትዬ፣ የሰው መድኃኒትና የእርስዎ ቫይታሚን ሊጣላ ይችላል፣ ተዉት» አልኳቸው። አይሱዙዋን ነገርኳቸው፣ ዘንጓን ነገርኳቸው፣ ጭሱን ነገርኳቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«እሺ ልጄ፣ ገብቶኛል» አሉኝ። «ታዲያ ለቡናው ምን ላቅርብ?»