የፈረስ ሆድና መርፌው

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁም ስለ ፈረስ ሆድ ነው።

መነሻዬ አንድ የድምፅ መልእክት ነው። ዱባይ ፈረስ ቤት ውስጥ የሚሠራ ወንድማችን ነው የላከልኝ። «እህቴ፣ እዚህ አንዲት ሐኪም እየመጣች ፈረሶቹን በቀጫጭን መርፌ ትወጋለች። ለሆዳቸው ነው ይሉኛል። የምትወጋው ግን ጀርባቸውንና እግራቸውን ነው። እውነት ይሠራል? እኔስ በጣቴ ብጫነው ይጠቅማል?» ይላል። ጥያቄውን ወደድኩት። እኔም እዚህ ቨርጂኒያ የፈረስ ሐኪም ረዳት ሆኜ ስሠራ ይሄንኑ ነገር ሳሰላስል ኖሬያለሁ።

መርፌው አኩፓንክቸር የሚባለው የቻይኖች ሕክምና ነው፤ ሰውነት ላይ የተለዩ ነጥቦች ይወጋሉ። እሱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ሆዱን እንወቀው። ፈረስ አያስመልስም። የጨጓራው አፍ ላይ ያለው ጡንቻ በጣም ጠንካራ ስለሆነ አንዴ የገባ ነገር ወደ ላይ አይመለስም። ጨጓራው ደግሞ ለዚያ ግዙፍ አካል ትንሽ ነው፤ ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢይዝ ነው። ከሱ ቀጥሎ 20 ሜትር ገደማ ቀጭን አንጀት አለ። ከዚያ ሣሩ የሚብላላበት ትልቁ አንጀት ይመጣል። እሱ ነው ጉዱ። አብዛኛው ክፍሉ ከሆድ ግድግዳ ጋር አልታሰረም፤ ተጣጥፎ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ በጋዝ ይነፋል፣ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ሲብስም ይጠመዘዛል። አንዱ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ድንገት ይጠብባል። ውሃ ያነሰው ድርቆሽ የሚወተፈው እዚያ ነው።

በዚያ ላይ ፈረስ እንደ ልቡ ቢለቀቅ በቀን እስከ 16 ሰዓት ሲግጥ የሚውል እንስሳ ነው። ጨጓራው ምግብ ኖረም አልኖረም አሲድ ማመንጨቱን አያቆምም። እኛ ግን ጋጥ ውስጥ እናቆመዋለን። ጠዋትና ማታ እህል እንሰጠዋለን። በመሀል ባዶ ሆዱን ይቆማል። ቁርጠቱ ከየት እንደሚመጣ አሁን ገባችሁ መሰለኝ።

እሺ፣ መርፌው። እኛ ጋ የምናያት አንዲት ዳማ ባዝራ አለች። ዕድሜዋ ገፋ ብሏል። ክረምት ሲገባና ውሃው ሲቀዘቅዝ መጠጣት ትቀንሳለች፤ ያን ጊዜ ሆዷ ይነፋል፣ ትነጫነጫለች። ሐኪሟ መጀመሪያ ጥርሷን አየች፣ ጨጓራዋን በካሜራ አየች፣ ፋንድያዋን አስመረመረች። የመጠጥ ውሃዋ ለብ እንዲል አስደረገች። መርፌው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይሄን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሐኪሟ ስትጀምር ዝም ብላ አትወጋም። ከባዝራዋ ትከሻ ጀምራ በሁለት ጣቷ ጀርባዋን እየተጫነች ወደ ኋላ ትሄዳለች። እኔ ገመዱን ይዤ የባዝራዋን ፊት አያለሁ። ጣቷ መጨረሻው የጎድን አጥንት ጋ ሲደርስ የባዝራዋ ቆዳ ይርገበገባል፤ ጀርባዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ አንድ ጆሮዋ ወደ ኋላ ይዞራል። «እዚህ ጋ ነው» ትላለች ሐኪሟ። ፈረስ በአንድ ወገን 18 የጎድን አጥንት አለው። ከ18ኛው ኋላ፣ ከአከርካሪው አንድ መዳፍ ያህል ወደ ጎን ወጣ ብሎ ያለው ቦታ የጨጓራ ነጥብ ይባላል። ቻይኖቹ ዌይ ሹ ይሉታል። አንድ የጎድን አጥንት ወደ ፊት ሲመጡ ደግሞ የጣፊያ ነጥብ አለ፤ በቻይኖቹ አስተሳሰብ ጣፊያ ዋናው የምግብ መፍጫ ስለሆነ ነው። ወደ ወገቧ ወረድ ሲሉ የትልቁ አንጀት ነጥብ ይገኛል። ሆዷ ሥር፣ መሀል ለመሀል፣ በደረት አጥንቱ ጫፍና በእምብርቷ መካከልም አንድ አለ። እዚያ እምብዛም አትወጋም። ባዝራዋ አትወደውም፤ አትወደውም ከተባለ ደግሞ አትወደውም።

የመጨረሻዋ ነጥብ እግር ላይ ያለችው ናት። ከኋላ እግር ጉልበት ዝቅ ብሎ፣ በውጪ በኩል፣ ከቅልጥሙ አጥንት ጎን ጡንቻው ላይ ትገኛለች። ሰዎች ላይም አለች፤ ዙሳንሊ ትባላለች። ለሆድ ጉዳይ ከሁሉም በላይ የምትጠቀሰው እሷ ናት። እዚያ የሚወጋ ሰው ደግሞ የሚቆምበትን ማወቅ አለበት፤ የፈረስ እርግጫ ቀልድ አይደለም።

መርፌው መድኃኒት የለውም። እንደ ፀጉር የቀጠነ ብረት ነው። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። አንዳንዴ በሁለት መርፌዎች መካከል ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለቀቃል። አንዳንዴም ነጥቡ ላይ ትንሽ ቫይታሚን ቢ 12 ይወጋል፤ ፈሳሹ እስኪመጠጥ ድረስ ነጥቡን ተጭኖ እንዲቆይ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ባዝራዋ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች። የታችኛው ከንፈሯ ይንጠለጠላል። ታዛጋለች፤ አንዴ ሳይሆን ደጋግማ። እኔ ማዳመጫዬን ቀኝ ሽንጧ ላይ እለጥፋለሁ። ጤነኛ ፈረስ እዚያ ጋ ውሃ በቧንቧ ሲወርድ የመሰለ ድምፅ አለው፤ በየአንድ ሁለት ደቂቃው ይመጣል። ስንጀምር ሰለል ብሎ የነበረው ድምፅ እየጠነከረ ሲመጣ ሰምቻለሁ። ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ግን እሱን ማስረጃ ብዬ አላቀርብላችሁም። ማንም ፈረስ ጸጥ ባለ ቦታ፣ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ቆሞ፣ 20 ደቂቃ ቢያርፍ ዘና ሊል ይችላል። ስለዚህ የተጠናውን እንይ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ፍሎሪዳ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ የፈረሶቹ ቀጭን አንጀት መጀመሪያ ላይ ፊኛ አስገብተው በመንፋት ቁርጠት የመሰለ ሕመም ፈጠሩ። ከዚያ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ያለችውን፣ በቻይና ከጥንት ጀምሮ ለቁርጠት የምትወጋውን ነጥብ በኤሌክትሪክ መርፌ ሞከሯት። ሕመሙን አላስታገሰችም።  በዓመቱ ኦሃዮ ላይ የወጣው ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። እዚያ የተነፋው ፊንጢጣ ውስጥ የገባ ፊኛ ነበር፤ ጀርባና ወገብ ላይ በኤሌክትሪክ መርፌ የተወጉት ባዝራዎች ሕመሙን የመቋቋም አቅማቸው ጨመረ። እንግዲህ አንዱ አይሆንም አለ፣ ሌላው በመጠኑ ይሆናል አለ።

እኔን በጣም የገረመኝ ግን በ2021 የሃርቫርድ ሰዎች አይጥ ላይ የሠሩት ነው። እነሱ የኋላ እግሯን ነጥብ፣ ያችን ዙሳንሊ፣ በቀላል ንዝረት ሲነኩ ከእግር የሚነሱ የተለዩ ነርቮች በቬገስ ነርቭ በኩል መልእክት አስተላልፈው ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣት፣ ቀነሱ። ሆድ ላይ ያለ ነጥብ በዚያው ንዝረት ሲነካ ግን ያንን አላደረገም። ቬገስ ማለት አንጎልን ከሆድ ዕቃ ጋር የሚያገናኘው ነርቭ ነው። አይጥ ፈረስ አይደለም። ቢሆንም «ሆዴን ያመመኝ፣ ለምን እግሬን ትወጉታላችሁ» ለሚለው ጥያቄ የመልሱ ጅማሬ እሱ ይመስለኛል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የኔ አቋም ይሄ ነው። መርፌው ፈረስን ለማዝናናትና በተደጋጋሚ የሚነፋን ሆድ በሕክምናው ላይ ተጨምሮ ለማገዝ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የተያዘ ቁርጠትን ግን በመርፌ እፈታለሁ ማለት አደገኛ ነው። የተጠመዘዘ አንጀት በመርፌ አይፈታም። ደሙ የተቋረጠ አንጀት በሰዓታት ውስጥ ይሞታል። እንዲህ ዓይነቱን ፈረስ እኛ ጊዜ ሳናጠፋ ጭነን ሊስበርግ ወዳለው የፈረስ ሆስፒታል እንልካለን።

ነገሩ ወደ አገር ቤት ይወስደኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን ፈረስ አለ። እኔ ቢሾፍቱ ጋሪ እያየሁ ነው ያደግኩት። ፈረስ ሆዱን ሲያመው የሚደረገውን ታውቃላችሁ፤ በጋለ ብረት ይተኮሳል፣ ደም ይፈስሰዋል፣ በጠርሙስ የሆነ ነገር ይጋታል። ቻይኖቹም በጥንት ጊዜ የጆሮ ጫፍና የዓይን ሥር ደም ሥር እየበጡ ደም ያፈሱ ነበር። በ1608 ሁለት ወንድማማቾች ያሳተሙት የፈረስ ሕክምና መጽሐፍ ዛሬም ይጠቀሳል። የሰው ልጅ ለሚወደው እንስሳ መላ ከመፈለግ ቦዝኖ አያውቅም። ባለጋሪው የሚተኩሰው ጨክኖ አይደለም፤ ፈረሱ የልጆቹ እንጀራ ነው። ግን መተኮሱ ሕመም ላይ ሕመም ይጨምራል። መጋቱም ያስፈራኛል፤ የተጋተው ነገር ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ጨጓራው ሞልቶ ከሆነም ማስመለስ የማይችል እንስሳ ላይ ነው የምንጨምረው።

ደግሞ የከተማ ፈረስ የሚበላውን አስቡት። ፉርሽካ ከተገኘ ጥሩ ቀን ነው። ካልተገኘ ቆሻሻ ገንዳ ሥር ይለቃቅማል፤ ከነፌስታሉ ይውጠዋል። ፌስታሉ አንጀት ውስጥ ይጠራቀምና ይወትፋል። ለዚህ የሚሆን ነጥብ የትኛውም የቻይና ካርታ ላይ የለም። እዚያ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃ፣ ሣርና የሚሰበሰብ ቆሻሻ ነው። አንድ ጤነኛ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 50 ሊትር ውሃ ይጠጣል፤ ሙቀት ላይ ሲሠራ ከዚያም በላይ። ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት የሚውለው ስንት ሊትር ያገኛል? ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል።

አሁን ወደ ጣትህ ልምጣ። አዎ፣ በጣት መጫን ትችላለህ። ደህና የሆነ ፈረስ ላይ፣ ከሐኪሟ ፈቃድ ጋር። መርፌውን ለሷ ተውላት። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ካለው ቦታ ጀምር። አውራ ጣትህን ወይም መዳፍህን አሳርፍና ቀስ እያልክ ጫን፤ ግማሽ ደቂቃ፣ ቢበዛ አንድ ደቂቃ። ጆሮውን ወደ ኋላ ካጣበቀ ወይም ከሸሸ ተው። ካዛጋ ወይም ከንፈሩን ከላሰ ቀጥል። እግሩን ለጊዜው አትንካ።

ግን ፈረሱ በፊት እግሩ መሬት እየጫረ፣ ዞሮ ሽንጡን እያየ፣ እየተኛ እየተነሳ፣ እየተንከባለለ ከሆነ፣ ያን ጊዜ መጫን የለም። መጀመሪያ ስልክ ነው። እህሉን አንሳበት። ልብ ምቱን ቁጠር፤ ቆሞ የሚያርፍ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው፤ ከ60 ካለፈ ነገሩ ከባድ ነው። ድዱን ተጫንና ልቀቅ፤ ከ2 ሰከንድ በፊት ቀለሙ መመለስ አለበት። ሽንጡ ላይ ጆሮህን አድርግ፤ በሁለቱም ወገን፣ ላይም ታችም። መጨረሻ ፋንድያ የጣለው መቼ እንደሆነ አስታውስ። ይሄን ሁሉ ለሐኪሟ በስልክ ንገራት። የሕመም ማስታገሻም ራስህ አትስጠው፤ ሕመሙን ሸፍኖ እሷን ሊያሳስት ይችላል። እስክትመጣ በቀስታ ማንሸራሸር ከፈለግህ ጠይቃት። ራሱን እየጣለ የሚንከባለል ከሆነ ግን ራቅ በል፤ አንተም ቤተሰብ አለህ።

ሐኪሟ አክማው ሕመሙ ካለፈ በኋላ፣ በሚቀጥሉት ቀናት፣ እሷ ራሷ መርፌዋን ይዛ ልትመጣ ትችላለች። ያኔ ገመዱን ያዝላትና ጣቷን ተከተል። የትኛው ነጥብ ላይ ቆዳው እንደተርገበገበ አይተህ በድምፅ ላክልኝ፤ እኔም መስማት እፈልጋለሁ።