«ቡና!» ብላ ጮኸች፦ የክረምት ካምፕ ፐዝል ሀንት

ለ፦ እሺ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ፐዝል ሀንት ነው፣ የእንቆቅልሽ አደን። ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ...

ሀ፦ መጀመሪያ ካምፑን ልንገርህ! እሱን ሳልናገር ሌላ ነገር አልጀምርም።

ለ፦ አውቄዋለሁ። ቀጥዪ።

ሀ፦ ባለፈው ነሐሴ እዚሁ ሜሪላንድ የሐበሻ ልጆች ካምፕ ላይ እያገዝኩ ነበር። ልጆቹ እዚህ የተወለዱ ናቸው፣ አማርኛ ይሰማሉ፣ የሚመልሱልህ ግን በእንግሊዝኛ ነው። መጨረሻ ላይ ፐዝል ሀንት ተዘጋጀላቸው። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። 10-2፣ 14-4። እንዲህ አድርጉ የሚል ነገር የለውም።

ለ፦ ምንም?

ሀ፦ ምንም! የጨዋታው ዋና ነገር እሱ እኮ ነው። ምን እንደተጠየቅክ ራሱ ፈልገህ ታገኛለህ። በል፣ እንቆቅልህ!

ለ፦ ምን አውቅልሽ! ቀን ነው? ወርና ቀን?

ሀ፦ 14-4ስ? አሥራ ሦስት ወር ያለን እኛ እንኳ 14ኛ ወር የለንም።

ለ፦ በቃ አላወቅኩትም።

ሀ፦ ሀገር ስጠኝ!

ለ፦ ሐረርን ሰጠሁሽ።

ሀ፦ ሐረር ገብቼ፣ ምን አጥቼ! ስማኝ፣ መመገቢያው ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ ተለጥፏል። ወደ ታች 33፣ ወደ ጎን 7። ገና አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ በጣቷ ከ«ሀ» ጀምራ ወደ ታች ቆጠረች። አሥረኛው «በ»፣ ወደ ጎን ሁለተኛው «ቡ»። አሥራ አራተኛው «ነ»፣ አራተኛው...

ለ፦ «ና»! ቡና!

ሀ፦ ቡና! ልጅቷም እንዳንተው ጮኸች፣ ያውም በአማርኛ! ቡድኑ በሙሉ ጀበናው ወዳለበት ሮጠ። ቀጣዩ ወረቀት ረከቦቱ ሥር ነበር።

ለ፦ ገበታውን እንዲያዩ ማንም አልጠቆማቸውም?

ሀ፦ ማንም። አንድ አባት ሊጠቁሙ ሲሉ «አይ፣ ይተዉአቸው» አልኳቸው።

ለ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ልጅ ከተሰላቸ ጥሎ ይሄዳል። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ እንኳ ለተቸገረ ቡድን ፍንጭ ይሰጣል አይደል?

ሀ፦ ይሰጣል፣ ግን ቆይቶ ነው። ቶሎ ከነገርካቸው ያንን ጩኸት አትሰማውም።

ለ፦ ለትንንሾቹ ግን...

ሀ፦ እሺ፣ ለትንንሾቹ ይሁን። ለታዳጊዎቹ ግን በፍጹም። እና ደግሞ ሜታው አለ!

ለ፦ ሜታ ምንድነው?

ሀ፦ የሁሉም መልስ ተሰብስቦ የሚፈታው የመጨረሻው እንቆቅልሽ ነው። መልሶቹ በተራ ቡና፣ ሄሊኮፕተር፣ መሶብ፣ ጣና ነበሩ። የመጀመሪያ ፊደላቸውን አንብብ።

ለ፦ ቡ... ሄ... መ... ጣ። ቡሄ መጣ! ኧረ በስማም!

ሀ፦ ነሐሴ መሆኑን አትርሳ! ሽልማቱም ሙልሙል ነበር፣ ገና ትኩስ። ልጆቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እየቆረሱ ተካፈሉት።

ለ፦ ሄሊኮፕተር ከየት መጣ ግን?

ሀ፦ በ«ሄ» የሚጀምር ልጆች የሚያውቁት ነገር እስቲ አንተ ፈልግ!

ለ፦ ሐረርን ወስደሻል፣ አሁን ደግሞ ጎንደርን ልሰጥሽ ነው። እሺ፣ አመጣጡን ንገሪን፣ ሰዓታችን እያለቀ ነው።

ሀ፦ በጣም የታወቀው አሜሪካ ያለው የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ሚስትሪ ሀንት ነው፣ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጃንዋሪው የሚካሄደው። ግቢው ውስጥ የተደበቀች ሳንቲም ቀድሞ ያገኘ ቡድን ያሸንፋል። ከክረምት ካምፖች ደግሞ ማትካምፕ አለ። ሒሳብ የሚወዱ ታዳጊዎች አምስት ሳምንት ይቆያሉ፣ እነሱም ፐዝል ሀንት አላቸው።

ለ፦ የኤም አይ ቲው አሸናፊ ሽልማቱ ምንድነው?

ሀ፦ የሚቀጥለውን ዓመት አደን ማዘጋጀት! እኛም ያንኑ ወሰድን። የመጪውን ክረምት አደን የሚያዘጋጀው ያሸነፈው ቡድን ነው። ልጅቷ ከወዲሁ የግዕዝ ቁጥሮችን አስተምሩኝ እያለች ነው።

ለ፦ ፍንጭ ትሰጥ እንደሆነ ጠይቂያት።

ሀ፦ ጠይቄያታለሁ። አልሰጥም ብላለች።