ሆድ ያባውን ክሮም ያወጣዋል

ይርጋ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ እንደተለመደው ከደብረ ብርሃን ነን። የጥርስ መንቀጫቀጭ ከተሰማችሁ የእኔ ነው፤ ማይኩ ደህና ነው።

ማህሌት፦ አታካብድ፣ ፀሐይ እኮ ወጥታለች። የዛሬው ወሬያችን መነሻ ገጽ ነው። ኢንተርኔት የምትገቡበትን ብሮውዘር ስትከፍቱ መጀመሪያ የሚመጣው ገጽ። እዚያ ላይ የተደረደሩት ድረ ገጾችና ዜናዎች ስለ ባለቤቱ ምን ይናገራሉ?

ይርጋ፦ ሁሉን ነዋ! ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል ኖረ። አሁን ብሮውዘሩ፣ ክሮም ነው የሚያወጣው።

ማህሌት፦ እኔ አይመስለኝም። ጠባሴ ያለችውን ኮምፒውተር ቤቴን ታውቃታለህ። የእሷን መነሻ ገጽ ብታይ ዲቪ፣ ፓስፖርት፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የፈተና ውጤት ነው። "ይቺ ልጅ ልትሰደድ ነው" ትላለህ። እኔ ግን ከዚህ ከተማ የመውጣት ሐሳብም የለኝ።

ይርጋ፦ የሕዝብ ኮምፒውተር አምጥተሽማ አትከራከሪኝ። ስለ ግል ነው የማወራው። ድሮ እኮ ገጹን ራስህ ነበርክ የምትሠራው። ማይ ያሁ ከ1996 ጀምሮ ነበር፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ከዚያ ጉግል በ2005 አይጉግልን አመጣ፤ በ2013 ዘጋው። የአየር ሁኔታ፣ ሰዓት፣ ዜና፣ የፈለግከውን መርጠህ ትደረድራለህ። እኔ ተማሪ እያለሁ የሳይንስ ዜናና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ደርድሬ ነበር።

ማህሌት፦ ታነበው ነበር?

ይርጋ፦ ኧረ በጭራሽ! ግን ከኋላዬ የሚያልፍ ሰው ያያል።

ማህሌት፦ በቃ፣ ጨረስክልኝ። ራስህ የመረጥከው ገጽ መምሰል የምትፈልገውን ሰው ነው የሚያሳየው።

ይርጋ፦ ለዚያ እኮ ነው የአሁኑ ይሻላል የምለው። ኦፔራ የሚባለው ብሮውዘር በ2007 ዘጠኝ የድረ ገጽ ሳጥን ሲያመጣ ሳጥኖቹን የምትሞላው አንተ ነበርክ። አሁን ክሮም ደጋግመህ የገባህበትን ራሱ ቆጥሮ ፊት ለፊት ያስቀምጥልሃል። ከሥር ደግሞ "ይሄን ትወዳለህ" ብሎ ዜና ይደረድራል። ማስመሰል የለም። የሠራኸውን ነው የሚያሳይህ።

ማህሌት፦ የሠራኸውን አይደለም። ስልኩ የሠራውን ነው። ልዩነት አለው።

ይርጋ፦ አስረጂኝ።

ማህሌት፦ መሐል ሜዳ ከተማ አክስት አለችኝ። ልጆቿ ስማርት ስልክ ገዙላት። እሷ የምታውቀው "ሃሎ" ማለት ብቻ ነው። ግን በብዙ ቤት ስልክ እንደ ጋቢ ነው፤ የበረደው ሁሉ ይለብሰዋል። ታናሹ ልጅ ኳስ ያይበታል። ትልቋ ለሠርጓ የሹሩባ ዓይነት ትመርጥበታለች። ጎረቤት መጥቶ "እስቲ ስለ ደም ግፊት እይልኝ" ይላል። ባለፈው ስከፍተው ያ ሁሉ ተደርድሮ ጠበቀኝ። በክሮም ዓይን አክስቴ ግፊት ያለባት የአርሰናል ደጋፊ ሙሽራ ናት።

ይርጋ፦ ከዚያ የባሰ የአርሰናል ደጋፊም ነበር።

ማህሌት፦ ሳቅ፣ ሳቅ። ግን ይሄ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2006 ኤኦኤል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ650 ሺህ በላይ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የፈለጓቸውን ነገሮች ለተመራማሪዎች ብሎ ለቀቀ። ስማቸውን አጥፍቶ ቁጥር ብቻ ነው የተወው። ጋዜጠኞች ግን ከፍለጋዎቹ ተነስተው አንዲት ሴትዮ ቤት ድረስ ደረሱ።

ይርጋ፦ አየሽ! ለእኔ እኮ ነው የምትመሰክሪልኝ።

ማህሌት፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሴትዮዋ የፈለገቻቸው በሽታዎች ብዙ ነበሩ። ዝርዝሩን ያየ "ምስኪን፣ ታማ ልትሞት ነው" ይላል። እሷ ግን የጓደኞቼን ሕመም ነው የማጣራላቸው አለች። ማን እንደሆነች ታወቀ፣ ምን እንደሆነች ግን ተሳሳቱ።

ይርጋ፦ እሺ፣ ይሄ ጥሩ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ። መለየቱንማ ማሽኑ ይለያል። ፋየርፎክስ የሚባለውን ብሮውዘር የሚሠራው ሞዚላ በ2020 ባወጣው ጥናት 52 ሺህ ገደማ የፋየርፎክስ ተጠቃሚዎችን አይቶ፣ ከተገኙት የአሰሳ ዝርዝሮች 99 በመቶው አንዱ ከሌላው የተለየ ነበር። እንደ ጣት አሻራ በይው።

ማህሌት፦ አሻራ ግን ጠባይ አይናገርም። የአክስቴም ስልክ ልዩ ነው። ሙሽራ፣ ግፊትና አርሰናል የተገናኙበት ሌላ ስልክ ከየት ይመጣል?

ይርጋ፦ ሌላው ሰዓቱ ነው። እኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ዩቲዩብ ላይ ነኝ። የሚያየኝ እንቅልፍ ያጣ፣ የተጨነቀ ሰው ይለኛል። የሌሊት ጥቅል ስለሚረክስ እኮ ነው!

ማህሌት፦ አዎ! እሱን ማንም አያስብም። ደግሞ ዝምታውም አለ። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ክረምት ክልሉ ላይ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ምን ብትከፍት ኢንተርኔት ሲጠፋ ክሮም የሚያሳያት ያቺው ዳይኖሰር ነበረች። ለወራት። ማሽኑ የሚያውቀው አለመግባትህን ነው። ፈልገህ አጥተህ ይሁን ጠልተህ፣ ለእሱ ያው ነው። ዳታ ሲመለስ የእኔ ስልክ ያረጀ ነገር ነበር የሚያቀርብልኝ።

ይርጋ፦ ይሁን። ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። አንቺ "ስለ ሰውዬው አይናገርም" ብለሽ ታልፊዋለሽ። ስለ ቤቱ ግን ይናገራል። ታማሚ አለ፣ ሙሽራ አለች፣ ተፈታኝ አለ። ይሄ አይብስም?

ማህሌት፦ ይብሳል። የሚጎዳውም ስልኩ በስሙ ያለው ሰው ነው። አንድ ጊዜ አንዱ የእጮኛውን ስልክ ይዞ መጣ። "ሂስትሪውን፣ የገባችባቸውን ገጾች አውጪልኝ" አለኝ።

ይርጋ፦ ምን አልሽው?

ማህሌት፦ "እኔ ፎቶ ኮፒ ነው የማነሳው" አልኩት። ደግሞ በዚያ ስልክ ስንት እህት፣ ስንት የአጎት ልጅ ገብቶበት እንደሆነ እግዜር ይወቅ። እሱ ግን ሁሉንም በልጅቷ ላይ ነበር የሚጭነው።

ይርጋ፦ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቶ የለ እንዴ?

ማህሌት፦ ወጥቷል፣ ቁጥር 1321/2016። እሱ ግን በዋናነት መረጃ የሚሰበስቡ ተቋማትን ይመለከታል። ሳሎን ውስጥ ስልክ የሚነጥቅህን ሰው ሕግ ቶሎ አይደርስበትም።

ይርጋ፦ ታዲያ ኢንኮግኒቶ አለልን፣ የገባህበትን ስልኩ ላይ የማያስቀር።

ማህሌት፦ እሱ ከቤተሰብ ይሸሽግሃል፣ ከኢንተርኔቱ አይሸሽግህም። የምትገባበት ድረ ገጽም፣ መስመሩን የሚሰጥህ ድርጅትም ያያል። ጉግል ራሱ በዚህ ተከሶ በ2024 እጅግ ብዙ መረጃ ለማጥፋት ተስማምቷል። ሳጥኗን ከመነሻ ገጽ ላይ ማንሳትም ብቻውን አይጠቅምህም፤ ሂስትሪው ውስጥ አለች። ለጎረቤት ስልክ ስትሰጥ ኢንኮግኒቶ ከፍተህ ስጥ፣ ለዚህ ለዚህ ይበጃል።

ይርጋ፦ የኮምፒውተር ቤት ደንበኞችስ?

ማህሌት፦ ውይ፣ እነሱማ! ዲቪ ሞልተው፣ ኢሜላቸውን ከፍተው ጥለው ይሄዳሉ። ፌስቡኩም፣ ምኑም እንደተከፈተ። ውጡ፣ ሎግ አውት በሉ ብዬ ግድግዳው ላይ ለጥፌያለሁ። ማን ያነባል። ማታ ሱቅ ስዘጋ ሁሉንም እየዞርኩ እዘጋላቸዋለሁ።

ይርጋ፦ ሳታነቢ?

ማህሌት፦ ሳላነብ።

ይርጋ፦ እውነት?

ማህሌት፦ ርእሱን ብቻ።